ቢላ ታጥቆ ሩቅ ዱር ለሚገባ አዳኝ፦ ከመነሻ እስከ መመለሻ

አደን ላይ ስለ ጠመንጃ ጥንቃቄ የማይናገር የለም። አፈሙዙ ወዴት እንደሚዞር፣ ጣት የት እንደሚያርፍ፣ ጥይት መቼ እንደሚገባ ሁሉም ጠንቅቆ ያውቃል። ቢላው ግን ወገብ ላይ ይንጠለጠልና ይረሳል። የሚታወሰው ግዳይ ከወደቀ በኋላ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ለስለት ክፉ ሰዓት ነው። ጀንበር አዘቅዝቃለች፣ ሰውነት ዝሏል፣ ጣት በብርድ ደንዝዟል፣ እጅ በደምና በስብ ይሙለጨለጫል።

ቤቱ ሆኖ እጁን የቆረጠ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ከመንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ገብቶ የተቆረጠ ሰው ግን ሐኪሙም አምቡላንሱም ራሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል። ቢላ ወይ እየቆረጠ ነው፣ ወይ አፎቱ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ቦታ የለውም። ሣር ላይ የተተወ፣ ጭን ላይ የተጋደመ፣ በጥርስ የተነከሰ፣ ወይም በእጅ ተይዞ ወዲያ ወዲህ የሚባልበት ቢላ፣ ሁሉም ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው ያለው።

ደረጃ 1፦ ለዱር የሚሆን ቢላ ምረጡ

ለሩቅ ዱር የማይታጠፍ ቢላ ይሻላል። ሰንጢ ኪስ ውስጥ ይመቻል፤ ችግሩ መታጠፊያው ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ስብ፣ ጸጉርና የደረቀ ደም ሲገባ መቆለፊያው በደንብ አይነክስም። በግማሽ የተቆለፈ ሰንጢ ደግሞ ኃይል ሲበዛበት ጣት ላይ ይታጠፋል። ያላችሁ ሰንጢ ብቻ ከሆነ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ክፈቱትና የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑ። ጣታችሁ ከመታጠፊያው መንገድ ውጭ ይሁን። መቆለፊያው ትንሽም ቢሆን ከላላ አትጠቀሙበት። ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ የስለቱ ጀርባ ወደ ኪሱ ስፌት ይዙር። ስፌቱ ስለሚደግፈው በራሱ አይከፈትም።

ርዝመትን በተመለከተ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያለው ስለት ለትልቅ አውሬም ይበቃል። ከዚያ የረዘመ ቢላ ወገብ ላይ ያምራል እንጂ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ጫፉ የት እንደደረሰ አታውቁትም። ስለ ጫፍ ካነሳን አይቀር፣ ቦብ ላቭለስ የተባለው አሜሪካዊ ቢላ ሠሪ ለአዳኞች ያስለመደው ድሮፕ ፖይንት የሚባል ቅርጽ አለ። የስለቱ ጀርባ ወደ ጫፉ ዝቅ እያለ ይወርዳል። በዚህ የተነሳ ሆድ ሲከፈት ጫፉ አንጀት የመውጋት ዕድሉ ይቀንሳል። የመጀመሪያ ቢላውን ለሚገዛ ሰው የምመክረው ይህንን ቅርጽ ነው።

እጀታውን ሱቅ ውስጥ በደረቅ እጅ ጨብጦ መግዛት አይበቃም። ቤት ስትገቡ ቢላው አፎቱ ውስጥ እንዳለ እጃችሁን በዘይት ቀቡና እጀታውን ጨብጣችሁ ጫፉን ጠረጴዛ ላይ ግፉ። እጃችሁ ወደ ስለቱ ከተንሸራተተ ቢላው ለአደን አይሆንም። እጀታውና ስለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጣትን የሚያቆም ጉብታ መኖር አለበት። ቀለሙም ብርቱካናማ ቢሆን ይመረጣል። ቡናማ እጀታ ምሽት ላይ ከቅጠልና ከደም ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። የጠፋ ቢላ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጉልበት ወይም በመዳፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዶለዶመ ቢላ ይዛችሁ አትውጡ። ዶልዱም ስለት ኃይል ይጠይቃል፣ በኃይል የተገፋ ስለት ደግሞ ካመለጠ የሚያቆመው የለም። በደንብ የተሳለ ቢላ በትንሽ ግፊት ይሄዳል፣ ሲያመልጥም ሩቅ አይሄድም።

ደረጃ 2፦ አፎቱን ፈትኑ

ብዙ ሰው ለቢላው ይጨነቅና አፎቱን እንደ መጠቅለያ ያየዋል። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው። ቢላው ቀኑን ሙሉ የሚውለው አፎቱ ውስጥ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ቢላውን ከትታችሁ ማሰሪያውን ዝጉ። ለስላሳ መሬት ላይ ቆማችሁ፣ እግራችሁን አራርቃችሁ፣ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አፎቱን ገልብጣችሁ አራግፉ። ከወጣ አይሆንም። ከዚያ ማሰሪያውን ፈታችሁ ድገሙት። ጥሩ አፎት ያለ ማሰሪያም ትንሽ ይይዛል።

የቆዳ አፎት ድምፅ የለውም፣ ያምራልም። ግን ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። የለሰለሰን ቆዳ ሹል ጫፍ በቀላሉ ይበሳዋል። በሁለቱ ቆዳዎች መካከል፣ ስለቱ በሚያርፍበት ጠርዝ፣ ተጨማሪ የቆዳ ንጣፍ መኖሩን አረጋግጡ። ያ ንጣፍ ከሌለ ስለቱ የሚያርፈው ክሩ ላይ ነው፤ ቀስ በቀስ ስፌቱን ይበላዋል። ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውሃ አይነካውም። ሲገባ ቀጭ ብሎ ይይዛል። እኔ ዝናብ ላለበት አገር እሱን እመርጣለሁ። ከታች የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው። ቀበቶ ላይ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ አውሬ ስለሚያባርር ማንጠልጠያውን በፕላስተር ጠቅልሉት።

ደረጃ 3፦ ሰውነት ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ ወስኑ

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው “የት ባደርገው ቶሎ እመዘዋለሁ?” ብሎ ነው። አደን ላይ ቢላ በፍጥነት መምዘዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ትክክለኛው ጥያቄ “ስወድቅ ምን ይሆናል?” የሚለው ነው። ዱር ውስጥ መውደቅ አይቀርም።

ከፊት፣ እምብርትና ጭን መካከል አታድርጉት። ስትቀመጡና ስትጎነበሱ ጫፉ ወደ ጭን ሥር ይዞራል። በዚያ በኩል፣ በጭን ውስጠኛው ጎን፣ ፌሞራል የሚባለው ትልቁ የደም ቧንቧ ያልፋል። እሱ ከተቆረጠና ቶሎ ካልተያዘ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ከኋላ፣ አከርካሪ ላይም አታድርጉት። በጀርባ ስትወድቁ ጠንካራ ነገር አከርካሪ ላይ ማረፉ በራሱ አደጋ ነው። በዚያ ላይ የሻንጣው ወገብ ማሰሪያ ይጫነዋል።

አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ቢላ የሚወዱ አሉ። ቅርንጫፍ ክሩን ቢይዘው ያንቃል። የግድ ካስፈለገ ሲጎተት በራሱ የሚለቅ ማያያዣ ይኑረው።

ደረት ላይ፣ ከባይኖኩላር መያዣው ጋር ማሰር አሁን አሁን ተለምዷል። ሻንጣ ለሚሸከም ሰው ይመቻል። ነገር ግን ደረት ላይ ያለ ቢላ ጫፉ ወይ ወደ አገጭ ወይ ወደ ሆድ ነው የሚያየው። ስለዚህ ጠንካራ አፎትና አስተማማኝ ማሰሪያ የግድ ነው። ለስላሳ ቆዳ እዚያ ቦታ የለውም።

የእኔ ምርጫ ከዳሌ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ፣ በጎን በኩል፣ ከሻንጣው ወገብ ማሰሪያ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል አፎት ነው። በሚመዝዘው እጅ በኩል ይሁን። ጠመንጃው በዚያው ጎን የሚንጠለጠል ከሆነ ሰደፉ እጀታውን እየመታ ማሰሪያውን ሊፈታው ይችላል። ያኔ አንዱን ወደ ሌላው ጎን አዙሩ። አፎቱን ሻንጣው ማሰሪያ ላይ የሚሰኩም አሉ። ይሠራል፣ ግን ሻንጣው ሲወልቅ ቢላውም አብሮ ይሄዳል።

ቦታውን ከወሰናችሁ በኋላ ቤት ውስጥ ሙሉ ጭነት ተሸክማችሁ ሞክሩት። ተቀመጡ፣ ቁጢጥ በሉ፣ ተንበርከኩ፣ አንድ እግራችሁን ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጡ፣ በጎን ተጋደሙ። አንዱ ላይ እንኳ ጫፉ ሥጋችሁን ከተጫነ ቦታው ልክ አይደለም። ሁለተኛ ቢላ ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ጠንካራ አፎት ውስጥ፣ መሀል ላይ፣ ከውሃ ከረጢቱ ርቆ ይቀመጥ። ውጭ ባለው የመረብ ኪስ ግን አይሆንም።

ደረጃ 4፦ መምዘዝና መመለስ

መምዘዙ ላይ ጥንቃቄ ያለው ሰው እንኳ መመለሱ ላይ ይዘናጋል። ሥራው አልቋል፣ ሐሳቡ ወደ ሌላ ሄዷል፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱንም በቀስታ፣ እንደ ሥርዓት ልመዱት።

ስትመዙ፦

1. መጀመሪያ ቁሙ ወይም ተንበርከኩ። እየተራመዳችሁ አትምዘዙ።
2. ነጻ እጃችሁን ዘርግታችሁ ዙሪያችሁን ቃኙ። ክንዳችሁ በሚደርስበት ውስጥ ሰው ካለ ጠብቁ።
3. አፎቱን በጀርባው በኩል ያዙ። በጭብጣችሁ ዙሪያውን አትያዙት። ስለቱ የቆዳውን ስፌት ቆርጦ ቢወጣ የሚያገኘው ጣታችሁን ነው።
4. ማሰሪያውን በአውራ ጣት ከፍታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አታዙሩት።

ስትመልሱ ቢላውን ጥረጉ፤ ስትጠርጉ ጨርቁ ከስለቱ ጀርባ በኩል ይምጣ። ከዚያ አፎቱን እዩት። አንገታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሌላኛው እጃችሁ ከአፎቱ አፍ ይራቅ። የስለቱን ጀርባ በአፎቱ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። መሀል ላይ ከቆመ አትግፉት። እንጨት ገብቶ ወይም ማሰሪያው ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሆናል። መልሳችሁ አውጡና እዩት። ሲገባ ወደ ላይ ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ መያዙን አረጋግጡ፣ ማሰሪያውን ዝጉ። ከጨለመ ባትሪ አብሩ። በዳበሳ የሚገባ ቢላ መዳፍ ይበሳል።

ቢላ ከእጃችሁ ካመለጠ ተዉት፣ ይውደቅ። እግራችሁን መልሱ እንጂ እጃችሁን አትላኩ። የእጀታ ገመድ ካለውም የእጅ አንጓችሁ ላይ አታጥልቁት። ያመለጠ ቢላ በገመዱ ተወዛውዞ የሚመለሰው ወደ እናንተው ነው።

ለጓደኛ ማቀበል ካስፈለገ ከሁሉም የሚሻለው አፎቱ ውስጥ መልሶ መስጠት ነው። ካልሆነ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና እሱ ያንሳ። ከእጅ ወደ እጅ ግድ ከሆነ እጀታውን ወደ እሱ አዙሩ፣ ስለቱ ወደ ማንም አይይ። “ይዣለሁ” ብሎ አፍ አውጥቶ ሳይናገር አትልቀቁ።

ደረጃ 5፦ ጉዞ ላይ

ባረፋችሁ ቁጥር፣ ወንዝ ከመሻገራችሁ በፊትና ቁጥቋጦ ሰንጥቃችሁ ስትወጡ እጀታውን ዳስሱ። ማሰሪያው ተዘግቷል? አንድ ሰከንድ ነው። ቅርንጫፍ ለመቁረጥ መዛችሁት ከሆነ አሥር እርምጃ ለመሄድም ቢሆን መልሱት። “ቀጥሎም ስለምቆርጥ በእጄ ልያዘው” የሚለው ሐሳብ ሦስተኛው ቦታ ነው።

ዛፍ ላይ ወዳለ መደበቂያ ስትወጡ ቢላው አፎቱ ውስጥ ሆኖ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ሻንጣው በገመድ ይጎተት። መኪና ውስጥ ስትገቡ ከነአፎቱ አውልቁት። ማታ ድንኳን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ በእንቅልፍ ልብ የሚፈለግ ስለት አያድርስ ነው።

ደረጃ 6፦ ግዳይ ላይ

ቢላውን ከመምዘዛችሁ በፊት ሌላ ሥራ አለ። አውሬው መሞቱን አረጋግጡ። በጀርባው በኩል ቀርባችሁ ዓይኑን በረጅም እንጨት ንኩ። ከዚያ ጥይት አውጥታችሁ ጠመንጃውን አርቁ። ቦታው ተዳፋት ከሆነ አንድ እግሩን በገመድ ከዛፍ ጋር እሰሩት። መሀል ላይ የሚንከባለል ሬሳ ቢላ የያዘን እጅ ይዞት ይሄዳል። የራስ ባትሪያችሁን ገና ሳይጨልም አጥልቁ። የቁስል ማሰሪያ ዕቃችሁን አውጥታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ደም የነካው አንድ እጅ የሻንጣ ዚፕ አይከፍትም።

አሁን መቁረጥ ትችላላችሁ። ስለቱ ሁልጊዜ ከናንተ ወደ ውጭ ይሂድ። ሥጋውን የያዘው እጅ ከስለቱ ኋላ ይሁን እንጂ ከፊቱ አይሁን። ተቀምጣችሁ በሁለት ጭናችሁ መሀል አትቁረጡ። ያ የደም ቧንቧ እዚያው ነው። ቆዳ ስትከፍቱ ስለቱን ወደ ላይ አዙራችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ቁረጡ። ሁለት ጣቶቻችሁ ቆዳውን ከሥጋው ከፍ አድርገው መንገድ ይምሩት። እንዲህ ሲሆን ጸጉርም ስለቱን አያዶለዱመውም።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ግን ጉሮሮውን ለመቁረጥ እጅ ደረት ውስጥ ጠልቆ የሚገባበት ሰዓት ነው። ዓይን አያይም። አንዱ እጅ የመተንፈሻ ቧንቧውን ይዟል፣ ሌላው ቢላ ይዞ ይከተላል። ሁለቱም በደም ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ አጭር ቢላ ተጠቀሙ። ሌባ ጣታችሁን በስለቱ ጀርባ ላይ እስከ ጫፉ ዘርጉና ጫፉን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አስገቡ። መጀመሪያ ባዶ እጅ ገብቶ ቧንቧውን ይዞ ወደ ታች ይሳብ። ቢላው ቧንቧውን ከያዘው እጅ በላይ፣ ማለትም ወደ አውሬው ጭንቅላት በኩል፣ ይቁረጥ። በዚያ ሰዓት የሁለተኛ ሰው እጅ በፍጹም ውስጥ መግባት የለበትም። ጓደኛችሁ መርዳት ከፈለገ እግሩን ይያዝ፣ ብርሃን ያብራ።

በማይቆርጠው እጅ የመቆረጥ መከላከያ ጓንት ማድረግ ጥሩ ነው። በአሜሪካው ኤኤንኤስአይ መለኪያ እነዚህ ጓንቶች ከኤ1 እስከ ኤ9 ደረጃ አላቸው። ቁጥሩ ሲጨምር መቆረጥን የመቋቋም አቅማቸውም ይጨምራል። ግን የሚለካው መቆረጥን እንጂ መወጋትን አይደለም፤ ሹል ጫፍ በሹራቡ ቀዳዳ አልፎ ይገባል። ከላዩ ላይ ናይትሪል የሚባለውን ስስ የላስቲክ ጓንት ደርቡበት። ከጥንቸል የሚመጣው ቱላሪሚያና ከዱር አሳማ የሚመጣው ብሩሴሎሲስ የሚባሉት በሽታዎች በተቆረጠ ቆዳ በኩል ይገባሉ።

እጃችሁ ከደነዘዘ አቁሙ። ቢላውን መልሱ፣ እጃችሁን በብብታችሁ አሙቁ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሥጋው አይሸሽም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ቦታውን ከመልቀቃችሁ በፊት ስንት ቢላ እንደመጣ ስንት እንዳለ ቁጠሩ።

ስለ ምላጭ ቀያሪ ቢላ

እንደ ሃቫሎን ያሉት፣ ምላጫቸው የሚቀየረው ቢላዎች ለመግፈፍ ተወዳዳሪ የላቸውም። ነገር ግን ምላጩ ስስ ነው። መገጣጠሚያ ላይ ጠምዘዝ ካደረጋችሁት ይሰበራል፣ ስባሪውም ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ለቆዳ ብቻ ተጠቀሙበት። ምላጩን በጣት አትቀይሩ፤ ትንሽ ፒንሳ ያዙ። አሮጌውን ምላጭ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። ኪስ ውስጥ ወይም በላስቲክ ጠቅሎ ሻንጣ ውስጥ መጣል ለሚቀጥለው ቀን ቁስል ማስቀመጥ ነው።

ከተቆረጣችሁ

ቢላውን መጀመሪያ አስቀምጡ። ከዚያ ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ወይም በጎዝ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ። በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩ፣ የረጋው ደም ይፈርሳል። ጥልቅ ከሆነ ጎዙን ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ከላይ ተጫኑ።

ከእጅ ወይም ከእግር ላይ ደም እየተፈናጠረ ወይም ሳያቋርጥ እየፈሰሰ ከሆነ ጊዜ አታባክኑ፤ ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም የሚያቆም ጥብቅ ማሰሪያ፣ እሰሩ። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ አጥብቁ። ያማል፤ የሚያም መሆኑ ትክክል አለመታሰሩን አያሳይም። ያሰራችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ሐኪም ዘንድ ሳትደርሱ አትፍቱት። በአንድ እጅ ማሰርን ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ብቻውን የሚያድን ሰው ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ እርዳታ የሚጠራ የሳተላይት መልእክት መላኪያ ሻንጣው ውስጥ ሳይሆን ሰውነቱ ላይ ይያዝ።

ስለት ሰውነት ውስጥ ተሰክቶ ከቀረ አታውጡት፤ እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ጣት ከተቆረጠ በኋላ አልታጠፍ ካለ ወይም ከደነዘዘ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጅማት ወይም ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ጉዞውን አቋርጣችሁ ውጡ።

ስትመለሱ

ቢላውን በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አድርጋችሁ አድርቁ፣ ስስ ዘይት ቀቡት። የቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ስለቱን ያዝጋል። አፎቱን ለብቻው ጥላ ላይ አድርቁና ስፌቱን እዩ። በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ ቢላው በአፎቱ ተጠቅልሎ በሚላከው ሻንጣ ውስጥ ይግባ እንጂ በእጅ አይያዝ። በየአገሩ ስለ ቢላ ያለው ሕግም ይለያያል። ለምሳሌ ብሪታንያ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ሕዝብ ባለበት ቦታ መያዝ የሚፈቀደው ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠና የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዱር እንደወጣችሁ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ከመቆማችሁ በፊት፣ ቢላውን ከወገባችሁ አውልቃችሁ ከዕቃው ጋር ቆልፉት።

የተጠቀማችሁበትን ጎዝና ፋሻ በዚያው ቀን ተኩ። የቆሸሸ ቁስል ካለባችሁና የቴታነስ ክትባት ከወሰዳችሁ ከ5 ዓመት በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።